ከመዝጊያው የወጡ መክተፊያዎች

ሰኔ 19

እህቴ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት አላት። ትንሽ ናት፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መጥበሻ፣ አንድ ረዳት ልጅ። ዛሬ ለምሳ ሄጄ ጓዳ ብገባ የምትከትፍበት ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ ዓይኔ ገባ። ነጭ ነበረ ማለት ይሻላል። መሃሉ በቢላ ከመተልተሉ የተነሣ ጠጉር አብቅሏል፤ በየትልትሉ የገባው ደምና ቅርፊት በሳሙናም በበረኪናም አልወጣ ብሏል።

«የእንጨት ሥራልኝ» አለችኝ። «ግን እንደ እማየ መክተፊያ እንዳይሆን።»

የእማየ መክተፊያ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ዋንዛ ነው። አንዱ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ መሃሉ ጎድጉዷል፣ ክረምት ሲገባ ጀርባው ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ሽንኩርት ሳይከተፍበትም ሽንኩርት ይሸታል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ሆነ፤ አሮጌውን ማዳንና ለእህቴ አዲስ መሥራት። ጊዜው ለእንጨት ሥራ ከሁሉ የከፋው ነው። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ አንዴ ከያዘ እስከ መስከረም እርጥብ እንጨት አይደርቅም፤ የደረቀውም ከአየሩ መልሶ ይጠጣል። ግን እስከ ጥቅምት ልጠብቅ ብል እንደማልጀምረው ራሴን አውቀዋለሁ።

ሰኔ 22

እንጨቱ ተገኘ። ባሕር ዳር አጠገብ ሰባታሚት ያሉ ዘመዶቻችን የአያቶቻችንን ቤት አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ ነው። የድሮው መዝጊያ ለማገዶ ሊፈለጥ አጥር ሥር ተጋድሞ ነበር። በመጥረቢያ የተጠረበ፣ ሁለት ሳንቃ ብቻ የሆነ ዋንዛ። «ይኸን ጉድ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ አጎቴ፤ ሰጡኝ። እዚያው በመጋዝ ለሁለት ቆርጬ በባጃጅ አመጣሁት። ባለ ባጃጁ የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሳንቃው ከሁለት ሰው አይተናነስም።

ዋንዛን የመረጥኩት ለአያቶቼ ትዝታ ብቻ አይደለም። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ለቢላም የዋህ የሆነ እንጨት ነው። ገበታውም ከበሮውም ከእሱ የሚጠረበው በከንቱ አይደለም። ይህኛው ደግሞ ዘመኑን ሙሉ የምድጃ ጭስ ሲጠጣ የኖረ፣ መጣመሙንም መሰንጠቁንም የጨረሰ ነው። ትኩስ የተሰነጠቀ ጣውላ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ሲጣመም ማየት ነበር የሚተርፈኝ።

ሌሎቹንም አስቤ ነበር። ባሕር ዛፍ በየግንባታው ሞልቷል፤ ሲደርቅ ግን ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ጥድ ሽታው ምግብ ውስጥ ይገባል። ችፑድ እንጨት አይባልም፤ ውኃ ሲነካው እንደ ገንፎ ያብጣል። ቀለም የተቀባ አሮጌ እንጨትማ ጭራሽ አይታሰብም። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ፍቆ ማውጣት ደግሞ አቧራውን መተንፈስ ነው። የአያቶቼ መዝጊያ እንኳን ቀለም፣ መላጊያም አልነካውም።

ጎረቤቴ አናጺው አንድ የወይራ ጉማጅ ጨመረልኝ። ለምን እንደሚሆን አላወቅሁም፤ እምቢ ማለት ግን አልቻልኩም። ክብደቱ የድንጋይ ነው።

ሰኔ 25

ቀኑን ሙሉ ምስማር ስነቅል ዋልኩ። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ሳንቃው ላይ ሳዞር፣ ምስማር ባለበት ሁሉ ዘንበል ይላል። አሥራ አንድ ነቀልኩ። አሥራ ሁለተኛው አንገቱ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ ማግኔቱም አላገኘው። ማሽን ቤት ሲላግ ያገኘው ምላጩ ነው። ድምፁን ስሰማ ሆዴ ታመሰ። ሰውየው ማሽኑን አጠፋና ምንም ሳይናገር የተሸረፈውን ምላጭ አሳየኝ። የስለት ማውጫውን ከፈልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠርጥሬ የነበረውን ቦታ በመሮ ቆፍሬ ማየት ነበረብኝ።

ከጉዳቱ በኋላ የተረፈው ይህ ነው፦ ሦስት ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች፣ ርዝመታቸው 40 ስፋታቸው 25። አንድ ሌላ ደግሞ በአንድ ወገን ምስጥ በልቶት ስለነበር እስኪጠራ ሲላግ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር የቀጠነ። ቀጭኑን መጣል ነበረብኝ፤ አላስቻለኝም።

ሰኔ 28

የእማየ ተራ። መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ፈተግኩት። ቀጥሎ ጨው ነስንሼ በግማሽ ሎሚ አሸሁት፤ ጨው ይፍቃል፣ ሎሚው የሽንኩርቱን ሽታ ይሰብራል። ሻጋታው ያለበትን ጀርባ በበረኪና፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአራት ሊትር ውኃ ብቻ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ። እማየ ጠርሙሱን ገልብጣ ልታፈስበት ስትል ነው የደረስኩት። ብዙ በረኪና ብዙ ንጽሕና የሚመስላት እሷ ብቻ አይደለችም።

ከዚያ ቀጥ አድርጌ ግድግዳ አስደግፌ ሁለት ቀን አደረቅሁት። የጠቆረውን ፊት በተሰበረ መስታወት ስለት ፋቅሁ። አናጺው ያሳየኝ ዘዴ ነው፤ መስታወቱን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጥቁር ፍቅፋቂ ይወጣል፤ ከሥሩ ቡናማው ዋንዛ ብቅ ሲል እማየ ጠጋ ብላ አየችው። «እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች። ከገዛችው ወዲህ አላየችውም ማለት ነው።

ስንጥቁን ምን ላድርገው? ነጩ የአናጺ ኮላ ለወንበር ይሆናል እንጂ በየቀኑ ለሚታጠብ ነገር አይሆንም፤ ውኃ መልሶ ያላላዋል። ስንጥቅን በኮላ መድፈን ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ አዝሎ በር መዝጋት ነው። ስንጥቁ ያለበትን ጫፍ አምስት ጣት ያህል ቆርጬ ጣልኩት። «አሳጠርከው!» ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ሐምሌ 2

ብርጭቆ ወረቀት። 80፣ 120፣ 180፣ 220። መብራት ስለሌለ በእጅ፣ ሁልጊዜም በጅማቱ አቅጣጫ። የ80ውን ጭረት በደንብ ሳያጠፉ ወደ 220 መዝለል ዋጋ የለውም፤ ዘይት ሲቀባ ጭረቱ እንደ ጠባሳ ይወጣል።

ቸኩሎ የሚዘለለው ግን ሌላ ነገር ነው። 180 ላይ ስደርስ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁትና ለማድረቅ ተውኩት። ሲደርቅ ለስላሳ የነበረው ፊት ሸክሮ ተነሣ። ብርጭቆ ወረቀቱ ያስተኛቸው ጅማቶች ውኃ ሲያገኙ ይቆማሉ። እነሱን በ220 በቀስታ መቁረጥ፤ እንደገና ማርጠብ፤ እንደገና መቁረጥ። ይህ እዚህ ካልተደረገ የእህቴ ረዳት መጀመሪያ ባጠበው ቀን ያንኑ ሸካራ ያገኛል፣ ሥራዬንም ይሰድባል። እኔ ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። በዚህ ዝናብ አንዱን ጊዜ ለማድረቅ አንድ ቀን ይፈጃል።

ሐምሌ 6

ጾመ ሐዋርያት ትናንት ተፈታ፤ ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። እኔ ዘይት ይዤ ተቀምጫለሁ።

ምን ይቀባ የሚለው ነገር ላይ የሚጠይቁት ሰው ሁሉ መልስ አለው። እማየ ቅቤ ትላለች፤ የድሮ ገበታ የሚታሸው በቅቤ ነው። አናጺው ቫርኒሽ ይላል። እህቴ ዓሣ የምትጠብስበትን የረጋ ዘይት። ቫርኒሹን ወዲያው ተውኩት፤ ለጠረጴዛ ያምራል፣ ቢላ የሚያርፍበት ላይ ግን ይላጥና ከቲማቲሙ ጋር ይበላል። ለቀረው አራት ትናንሽ የዋንዛ ቁራጮች ቆርጬ በጀርባቸው ቁጥር ጻፍኩ፦ 1 ኑግ፣ 2 ተልባ፣ 3 የረጋው፣ 4 ገና ያልገዛሁት።

ኑግና ተልባውን ከሰፈራችን ዘይት መጭመቂያ አመጣሁ፤ ምንም ያልተጨመረበት። ቀለም መሸጫ ቤት ያለው የተልባ ዘይት ሌላ ነገር ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ኮባልትና ማንጋኒዝ የመሰለ የብረት ማድረቂያ ይገባበታል። ያ ለበር ይሁን።

የተልባው ዘይት ሲተርፍ የመጥረቢያውንም የዶማውንም እጀታ ቀባሁበት። ለእጀታ ከእሱ የተሻለ የለም።

ሐምሌ 7

ዛሬ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው። ትናንት ማታ የተልባ ዘይት የነኩትን ጨርቆች ሁሉ ጠቅልዬ ከሰጋቱራው ጋር ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ፌስታሉን ሳነሣ የታቀፈች ዶሮ ሆድ ይመስል ይሞቃል። ደነገጥኩ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ በመትነን አይደለም፤ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር እየተያያዘ ነው የሚጠነክረው፣ ሲያያዝም ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ይበተናል። ከታጨቀ ይከማቻል፣ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። እኔ ይህን አንብቤ አውቀው ነበር፤ ማወቄ ግን እጄ ላይ አልደረሰም ነበር። ጨርቁን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ከእንግዲህ ወይ አንድ በአንድ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ወይ ይነከራል። ዎርክሾፕ የምላት ቆርቆሮ ቤት ከእማየ መኝታ ጋር ግድግዳ ትጋራለች።

ሐምሌ 9

ቁጥር 4። መድኃኒት ቤት ሄጄ ለሆድ ድርቀት የሚታዘዘውን ፈሳሽ ፓራፊን ጠየቅሁ። አምስት ጠርሙስ ስል ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለሦስት መክተፊያ።»

ትንሽ ዝም አለችና «ከመክተፊያው ሌላ እርስዎ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ስቀን ተለያየን። ሁለት ብቻ ሸጠችልኝ፤ የቀረውን ከሌላ ቤት ሞላሁ።

ይህ ዘይት የሚጠጣ ስለሆነ ለምግብ ዕቃ አያሰጋም፤ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ አይሻግትም። የሕፃናት ቅባት ተብሎ የሚሸጠውም መሠረቱ ይኸው ነው፣ ግን ሽቶ አለበት፤ ሽቶ የሚሸት ቃሪያ የሚፈልግ ካለ ይግዛው። ፓራፊን የሚለው ስም ውጭ አገር አንዳንድ ቦታ ለእኛው ነጭ ጋዝም ይውላልና ከበይነ መረብ የሚያነብ ሰው ይጠንቀቅ።

ሐምሌ 16

ሰፈፍ። ጠጅ ቤት ያሉት እትዬ ከጠጅ ማጥለያው የተረፈውን አንድ ላስቲክ በነጻ ሰጡኝ። ግማሹ ሰም ነው፣ ግማሹ ጌሾና የንብ ክንፍ። ውኃ ባለበት አሮጌ ድስት ጨምሬ በቀስታ አሞቅሁት፤ ሰሙ ቀለጠና ወደ ላይ ወጣ፣ ቆሻሻው ከሥር ቀረ። በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ ሲበርድ ቢጫ ቂጣ የመሰለ ሰም ወጣኝ። ነጠላው ከእንግዲህ ነጠላ አይደለም።

ቅባቱ፦ አንድ እጅ ሰም፣ አራት እጅ ፓራፊን፣ በሚዛን። እኔ 50 ግራም ሰም በ200 ግራም ዘይት አድርጌያለሁ። ድስቱን እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ አያስፈልግም፤ ዘይትና ሰም በቀጥታ እሳት ሲግል ሊቀጣጠል ይችላል። ትልቁ ድስት ውስጥ ውኃ አፍልቶ ትንሹን በላዩ ማስቀመጥ ይበቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሰሙ የሚቀልጠው ደግሞ በ62ና በ65 መካከል። ስለዚህ ውኃው ሰሙን ሊያቀልጠው ይችላል፣ ሊያቃጥለው ግን አይችልም። ሲረጋ እንደ ለጋ ቅቤ ሆነ። ጣሳ ሙሉ።

ሐምሌ 17–19

መቀባት። መጀመሪያ ፓራፊኑን ብቻ፣ ለብ አድርጌ፣ በብዛት። ፊቱ ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ጫፎቹ ግን ይጋታሉ። እንጨት የታሰረ የደንገል ነዶ ማለት ነው፤ የነዶው አፍ የሚከፈተው ጫፉ ላይ ነው። ውኃም የሚገባው፣ ስንጥቅም የሚጀምረው በዚያ በኩል ነው። የእማየ መክተፊያ የተሰነጠቀው ጫፉ ላይ መሆኑ አሁን ገባኝ። ጫፍ ጫፉን አምስት ጊዜ፣ ፊትና ጀርባውን ሦስት ጊዜ ቀባሁ። ፊቱን ቀብቶ ጀርባውን መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ አንዱ ወገን ከሌላው እኩል ካልጠጣና እኩል ካልደረቀ ጣውላ ይጣመማል። በሦስተኛው ቀን የሰሙን ቅባት ቀባሁና አሳድሬ ጧት በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት።

ቀለሙን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የተቆላ ቡና የመጀመሪያ ቀለሙ።

የወይራው ጉማጅ ግን ከዳኝ። ቆርቆሮ ቤቷ ጥግ አስቀምጬው ነበር፣ ሁለቱም ጫፉ እንደ ኮከብ ተሰነጠቀ። እርጥብ ነበር። የመጣ ቀን ጫፎቹን ሰም ብቀባለት ኖሮ እርጥበቱ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። መሃሉን አድኜ ለሎሚና ለቃሪያ የምትሆን መዳፍ የምታህል መክተፊያ ወጣችኝ።

ሐምሌ 27

ፍልሰታ ሊገባ ነው። እማየ የጾምና የፍስክ ዕቃዋን እየለየች መክተፊያውን አነሣችና አገላበጠችው።

«ቅቤ አልነካውም አይደል?»

«አልነካውም።»

«ዘይቱስ?»

«የመድኃኒት ቤት ነው እማየ፣ ከመሬት የሚወጣ። እንስሳ የለበትም።»

«ሰሙስ? ንብ አይደለችም እንዴ?» ብላ ራሷ አሰበችና ራሷ መለሰችው፦ «ጧፉስ ከምን ነው የሚሠራው። ማርም በጾም ይበላል።» ቅቤ ይሻላል ስትለኝ የነበረችው ሴትዮ ቅቤ ባለመቀባቱ ዛሬ ደስ አላት። እኔ ሳላስበው ያገኘሁት ጥቅም ነው፤ በፓራፊን የተቀባ መክተፊያ በጾምም በፍስክም አያከራክርም።

ምልክትም ያስፈልግ ነበር። የጋለ ምስማር ጎኑ ላይ በመትከል የእህቴን ሁለቱን ለየሁ፦ ለጥሬ ዓሣ አንድ ነጥብ፣ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ሁለት። ዓሣ የተዘጋጀበት ላይ ሰላጣ መክተፍ ሆድ መበጥበጥ ነው። ለእማየ የጾሙ ላይ መስቀል ላድርግልሽ ብላት ተቆጣችኝ፤ «መስቀል ላይ ቢላ ይመዘዛል?» ሦስት ነጥብ ሆነ።

ነሐሴ 1

ለእህቴ አደረስኩ። ወፍራሙን ለዓሣ፣ ቀጭኑን ለሽንኩርት። ሁለተኛውን ወፍራም አናጺው ስለ ወይራው ውለታ ወሰደው።

አንድ ደንበኛ እየበላ «እንጨት ጀርም ይይዛል» አለን። ፕላስቲክ ይሻላል የሚለው ነገር በሰው አእምሮ እንዴት እንደገባ አላውቅም። ዲን ክሊቨር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ፈትነው ነበር። እንጨት ላይ የተደረጉት ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ እዚያ አይራቡም፣ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ በቢላ የተተለተለ ፕላስቲክ ግን በእጅ ታጥቦ ለማጽዳት ያስቸግራል። የእህቴን አሮጌ ፕላስቲክ አውጥቼ ባሳየው ክርክሩ አለቀ። ይህ ማለት እንጨት አይታጠብም ማለት አይደለም። ቆሮሶ ዓሣ በተላጨበት ቁጥር በሳሙናና በሙቅ ውኃ፣ ወዲያው። አምባዛ ሲሆን ደግሞ ልጋጉ ቅርፊት ከማስለቀቅ የባሰ ነው፤ መጀመሪያ በጨው ማሸት፣ ከዚያ ሳሙና።

ነሐሴ 8

ስልክ ተደወለ። «ያንተ መክተፊያ ሳህን ሆኗል።»

ሄጄ አየሁት። ቀጭኑ። ረዳቱ ልጅ እያጠበ እርጥቡ ሲሚንቶ ባንኮኒ ላይ አጋድሞት ያድራል፤ በሳምንቱ ጠርዞቹ ወደ ላይ ተነሥተው መሃሉ ጎደጎደ፣ ቢላ ሲያርፍበት ይንገጫገጫል። ልጁን አልወቅስም፣ የነገረው የለም። የነገርኩት ለእህቴ ነው፣ እሷም ሰምታኝ ረስታዋለች። ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ለዓሣ ቤት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የሆነው ቀላል ነው። ከሥር ያለው ፊት ውኃ ጠጥቶ አበጠ፣ የላዩ ደርቆ ባለበት ቀረ። እንጨት ሲያብጥ በርዝመቱ አይደለም፣ በስፋቱ ነው፤ የሥሩ ሲሰፋ ላዩን አጠፈው። መድኃኒቱ ግልባጩ ነው። ወደ ቤት አምጥቼ እርጥብ ጨርቅ ዘረጋሁ፣ የጎደጎደውን ፊት ወደ ታች ደፋሁት፣ ያበጠውን ሆድ ወደ ሰማይ። ፀሐይ ቢኖር በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ነሐሴ ነው። ደመናው ሲገለጥ አወጣለሁ፣ ሲያጉረመርም አስገባለሁ።

ነሐሴ 11

አብዛኛው ተመለሰ። የቀረውን ጥቂት በመላጊያ አስተካከልኩ፣ እንደገና ከ120 ጀምሬ፣ እንደገና ማርጠብ፣ እንደገና ዘይት። እግር ልሥራለት ብዬ ነበር ከባንኮኒው ከፍ እንዲል፤ ግን እግር ካለው በአንድ ፊት ብቻ ነው የሚሠራው፣ በየሳምንቱ መገልበጥ ቀረ ማለት ነው። ተውኩት።

ልጁን ዛሬ ይዤው ሐይቁ ዳር ወጣሁ። ደንገል ታንኳዎቹ ከሥራ ሲመለሱ ዓሣ አጥማጆቹ ምን እንደሚያደርጓቸው አሳየሁት፦ ጎትተው ያወጡና ቀጥ አድርገው ያቆሟቸዋል፣ ውኃው በሥራቸው እንዲንጠፈጠፍ ነፋሱም በሁለት ወገን እንዲያገኛቸው። «መክተፊያውንም እንደዚያ» አልኩት። ልጁ የዚሁ የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ «ለምን መጀመሪያ እንደዚያ አላልከኝም?» አለኝ። ግድግዳው ላይ ሁለት ምስማር መትቶ ማቆሚያ የሠራውም እሱ ራሱ ነው።

ነሐሴ 20

አራቱ ቁራጮች፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ።

ኑግ፦ ይጣበቃል። አልደረቀም፣ እርጥብም አይደለም፤ በመሃል ቆሞ አቧራ ሰብስቧል፣ አሮጌ መጥበሻ ይሸታል። ተልባ፦ ደርቋል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ውኃ ይመልሳል። ለመድረስ ግን ወር አልፎታል። የረጋው፦ ምንም አልደረቀም፣ ሽታው ከኑጉ ይብሳል። ፓራፊን፦ እንደቀባሁት ነው፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ነጥቷል፣ ዘይት ጠይቋል።

ልዩነቱ ዘይቱ ከአየር ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ ነው ብል ኬሚስቶች ይቅር ይበሉኝ። ከተልባ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊኖሌኒክ አሲድ ሦስት መንጠቆ አለው፣ ተሳስሮ ይጠነክራል። ኑግ 70 በመቶ ገደማው ሁለት መንጠቆ ያለው ሊኖሌይክ ነው፤ ሊደርቅ ይጀምርና ሳይጨርስ ይቀራል። የረጋው ዘይት መንጠቆው ጥቂት ነው፣ እንጨቱ ውስጥ ተቀምጦ ይበላሻል። ፓራፊኑ አይተሳሰርም፣ አይበላሽምም፤ ስለዚህ እየታጠበ ሲሄድ መመለስ ግድ ነው። ትዕግሥት ላለውና ጨርቁን ለማይረሳ ሰው ተልባ ጥሩ ነው። እኔ ጨርቅ የምረሳ ሰው መሆኔን አይቻለሁ።

ጎጃም ላይ ተቀምጦ ኑግን ማማት ይከብዳል። ለወጥ ግን እሱን የሚያክል የለም፣ ይህ ይመዝገብልኝ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዘነበ። ከደጅ ስገባ የእማየ መክተፊያ ግቢው መሃል ዝናብ ላይ ተጋድሟል። «ጠበል ነው፣ ይንካው» አለችኝ። ከሩፋኤል ዝናብ ጋር አልከራከርም። አባርቶ ስታነሣው ግን ጠርጋ፣ ሳልነግራት፣ ምሰሶው ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

መስከረም 8

ፀሐይ ወጣ፤ ግቢው አደይ ሆኗል። ሦስቱንም መክተፊያዎች ሰብስቤ የውኃ ጠብታ ጣልኩባቸው። የእማየ ላይ ጠብታው ዶቃ ሆኖ ቆመ። የዓሣው ላይ ተዘርግቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ በቀን ስንቴ ይታጠባል፣ አይፈረድበትም። ለእሱ በየሁለት ሳምንቱ ዘይት፣ ለእማየ በወር አንዴ ይበቃል። ቀጭኑ እስካሁን ቀጥ ብሏል። ቅባቱን ለእህቴ በትንሽ ጣሳ ከፍዬ ሰጠኋት፤ ረዳቱ ልጅ ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ፣ ከማቆሚያው በላይ አስቀመጠው።

የኑጉንና የረጋውን ቁራጭ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። ጥሩ ነደዱ።

ቆርቆሮ ቤቷን ስጠርግ እማየ መጥታ የወይራውን ፍቅፋቂና ፍልጥ በሰፌድ ሰበሰበች፤ ለእርጎ ዕቃ ማጠኛ ፈልጋው ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ «ዘይት ነክቶታል?» አለችኝ።

«አልነካውም።»

አሸተተችውና ሄደች።